ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ወደ በረዶው አንውጣ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ከግቢያችን በጣም የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። በሞቃት ወቅት የበረዶ ግግር ያለበትን ተራራ ለመውጣት መሞከር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው የተነሳው ከዐስር ሶላት በኋላ በተደረገ ተራ ጨዋታ ነው። ግማሻችን «ወጣትነት ካልደፈሩበት ምን ይሠራል?» አልን። ግማሻችን ደግሞ «ነፍስ መጫወቻ አይደለችም» አልን። ክርክሩ ሳምንታት ቆየ። የምህንድስና ተማሪዎች እንደመሆናችን ነገሩን ለስሜት ብቻ ከመተው ይልቅ በረዶ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብለን ተመለከትን። የደረስንበትን አቋም ከወዲሁ እንናገር፦ ሌሊቱ በረዶውን መልሶ ካላጠነከረው በግግር በረዶ ላይ መውጣት አይገባም። ይህ ውሳኔም ተራራው ወገብ ላይ ተደርሶ ሳይሆን ከዋዜማው መወሰድ አለበት። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከማርሞላዳ እንጀምር። ማርሞላዳ በሰሜን ጣሊያን ዶሎሚቴ ከሚባሉት ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከፍታው 3,343 ሜትር ስለሆነ ከእኛው ራስ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያንሳል፤ ነገር ግን በሰሜን ጎኑ የበረዶ ግግር ተሸክሟል። ጁላይ 3 ቀን 2022 እሑድ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም ደስ የሚል ነበር። በእኛ ሰዓት ንባብ ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሞላ ሩብ ገደማ ሲቀረው ከ60 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ የሆነ በረዶ ከግግሩ ተገንጥሎ ወረደ። በክብደት ብናሰላው ከ50 ሺህ ቶን ይበልጣል። በተለመደው መንገድ ላይ የነበሩ 11 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ሥራቸው ሌላውን ሰው በሰላም አውጥቶ መመለስ የሆነ የተራራ መሪዎች ይገኙበታል። ከአንድ ቀን በፊት በተራራው ጫፍ አካባቢ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ተመዝግቦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህን የምንጽፈው ሟቾቹን ለመውቀስ አይደለም። የሄዱት በታወቀ መንገድ፣ በተለመደው ወቅት፣ ለብዙ ዓመታት ሰዎች በሰላም ሲመላለሱበት በነበረ ተራራ ላይ ነው። የምንወቅሰው ራሱን ልማዱን ነው። በአልፕስ ተራሮች ከ150 ዓመታት በላይ ጁላይና ኦገስት የመውጫ ወራት ሆነው ቆይተዋል። ማተርሆርን የሚባለው ስመ ጥር ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣውም በጁላይ 1865 ነው። የዕረፍት ጊዜውም፣ የማደሪያ ጎጆዎቹ አከፋፈትም፣ የአስጎብኚዎቹ ገቢም የተሠራው በእነዚህ ወራት ዙሪያ ነው። የቀን መቁጠሪያው እንደድሮው ነው፤ በረዶው ግን እንደድሮው አይደለም።

አሁን ወደ ሙያችን እንግባ። ሙቀት በግግር በረዶ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሦስት ከፍለን ማየት እንችላለን።

የመጀመሪያው የውሃ ግፊት ነው። ብዙ ሰው ግግር በረዶ የሚናደው «ስለሚቀልጥ» ይመስለዋል። መቅለጥ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ይህ አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ የሚበቃ ኃይል ነው። ስለዚህ በሁለት ቀን ሙቀት ተራራ የሚያህል በረዶ አይቀልጥም። አደጋው የቀለጠው ጥቂት ውሃ የሚሄድበት ቦታ ነው። ውሃው በስንጥቆች እየሰረገ ይወርዳል። የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት 1,000 ኪሎ፣ የበረዶው ደግሞ 917 ኪሎ ገደማ መሆኑን አስታውሱ። ስንጥቁ በውሃ ከተሞላ፣ በጥልቁ ቦታ ውሃው ወደ ጎን የሚገፋበት ኃይል በረዶው ስንጥቁን ለመዝጋት ከሚገፋበት ኃይል ይበልጣል። በመሆኑም ስንጥቁ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ አንዳንዴም እስከ ዐለቱ ድረስ ይደርሳል። ከሥር የደረሰው ውሃ በረዶውን ወደ ላይ ይገፋና ከዐለቱ ጋር ያለውን ፍትጊያ ይቀንሰዋል። የሶይል ሜካኒክስ ትምህርት የወሰዳችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የራሰ ተዳፋት መሬት የሚንሸራተትበት ሕግ ራሱ ነው።

ይህ ውሃ ከላይ ለሚሄደው ሰው አይታይም። በፈረንሳይ ሞን ብላን ተራራ ላይ ቴት ሩስ የሚባል ትንሽ ግግር አለ። በጁላይ 1892 ሌሊት ላይ በሆዱ ይዞት የነበረው ውሃ ድንገት ፈንድቶ ወጣና ሳን ዤርቬ በምትባለው ከተማ አካባቢ 175 ያህል ሰዎችን ፈጀ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2010፣ እዚያው ግግር ውስጥ እንደገና ውሃ መጠራቀሙ በመሣሪያ ስለተደረሰበት መሐንዲሶች በረዶውን በስተው በፓምፕ አወጡት። በመሣሪያ የሚገኘውን ነገር የወጪው ዓይን አያገኘውም፤ ልምድም ቢኖረው።

ሁለተኛው ድልድዩ ነው። በግግር በረዶ ላይ ያሉ ጥልቅ ስንጥቆች ብዙ ጊዜ በላያቸው በረዶ ተከምሮባቸው እንደ ድልድይ ይሸፈናሉ። ተራራ ወጪዎች በገመድ ተያይዘው በዚህ ድልድይ ላይ ያልፋሉ። ድልድዩን የሚያጠነክረው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ለዚህ ነው ወጪዎቹ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት፣ ማለትም እኛ በረመዷን ለሱሑር ከምንነሳበት ሰዓት ቀደም ብለው የሚነሱት። ፀሐይ ሳትከብድ ወጥተው ለመመለስ ነው። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ግን ማልዶ መነሳቱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ትናንት አሥር ሰው ያሳለፈ ድልድይ ዛሬ አንድ ሰው ላያሳልፍ ይችላል።

ሦስተኛው ድንጋዩ ነው። በከፍተኛ ተራሮች ላይ የተሰነጣጠቀውን ዐለት አያይዞ የያዘው በስንጥቆቹ ውስጥ ያለው የማይቀልጥ በረዶ ነው፤ እንደ ሲሚንቶ ያገለግላል። እሱ ሲለቅ ድንጋዩ ይወርዳል። በ2003ቱ የአውሮፓ ከባድ ሙቀት ወቅት በማተርሆርን ዋና መውጫ ላይ ትልቅ ናዳ በመውረዱ በርካታ ወጪዎች በሄሊኮፕተር እንዲወርዱ ተደርጓል። በሞን ብላን በጉቴ በኩል ባለው መንገድ ላይም ወጪዎች የግድ የሚያቋርጡት አንድ ገደል አለ። ከ1990 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት በዚያ ክፍል ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቦታውን ለማቋረጥ የሚፈጀው ጊዜ ግን ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ታዲያ «ሞቃት» ማለት ምን ያህል ነው? ሜትሮሎጂስቶች የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚደርስበትን ከፍታ ይለካሉ። ጁላይ 25 ቀን 2022 በስዊዘርላንድ ሰማይ ላይ ይህ ከፍታ 5,184 ሜትር ደረሰ። በኦገስት 2023 ደግሞ 5,298 ሜትር ሆኖ ክብረ ወሰኑ ተሰበረ። ከአልፕስ ተራሮች ረጅሙ ሞን ብላን 4,800 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት በእነዚያ ቀናት ከዜሮ በታች የሆነ አየር የሚያገኝ አንድም የአልፕስ ጫፍ አልነበረም ማለት ነው። በ2022 ብቻ የስዊዘርላንድ ግግሮች ከቀራቸው በረዶ 6 በመቶ ያህሉን አጥተዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነጥብ አለ። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ ቢሆንም እንኳ ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት የበረዶው ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከላይ ሊጠነክር ይችላል። ደመናማ ሌሊት ሲሆን ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው አይጠነክርም። ስለዚህ በቴርሞሜትር ብቻ መፍረድ አይበቃም። ሌላም አለ፤ ገጹ ስለጠነከረ ውስጡ ጠንክሯል ማለት አይደለም። ሙቀት ወደ ጥልቀት የሚዘልቀው በዝግታ ነው፤ የሰነበተ ሙቀትን የአንድ ሌሊት ብርድ አይሽረውም። በጫማ ስር የሚሰማ ጠንካራ ድምፅ ስለ 30 ሜትር ጥልቀት የሚነግረን ነገር የለም።

አሁን ተከራካሪ ወንድሞቻችን ያቀረቡልንን መልሶች እንይ። ሁሉም የሚናቁ አይደሉም።

አንዱ «ብርድም ቢሆን ዋስትና አይደለም» ይላል። እውነት ነው። ኦገስት 1 ቀን 2008 በፓኪስታን ድንበር ባለው ኬቱ ላይ፣ ከ8,000 ሜትር በላይ፣ ከጨለመ በኋላ ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ቋጥኝ ተናደ። በዚያ ቀንና በማግስቱ 11 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም መካከል ለሌሎች ጓዝ ሊሸከሙ የወጡ ፓኪስታናውያን ነበሩ። ግግር በረዶ ከላይ እየተገፋ የሚሄድ ነገር ስለሆነ በብርድም ይናዳል። ነገር ግን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «እንግዲያው በሙቀትም እንውጣ» የሚል አይደለም። በብርዱ ጊዜ እንኳ ሙሉ በሙሉ የማይጠፋ አደጋ ካለ፣ ሙቀት ሲጨመርበት የባሰ መጠንቀቅ ነው የሚገባው። ፍሬኑ አልፎ አልፎ እንቢ የሚል መኪና ያለው ሰው ቁልቁለት ላይ ፍጥነት አይጨምርም።

ሌላው «የገዛ ነፍሱ ነው፤ ለምን ይከለከላል?» ይላል። ይህ አባባል ተራራ ላይ አይሠራም። በገመድ የተያያዙ ሰዎች አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሳባል። ከላይ ያለው የነካው ድንጋይ የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ነፍስ አድን ሠራተኞች እዚያው ያልረጋ በረዶ ስር መግባት አለባቸው። በማርሞላዳ በረዶው እንደገና ይናዳል ተብሎ ስለተፈራ ፍለጋው ለጊዜው በድሮንና በሄሊኮፕተር እንዲካሄድ ተገዶ ነበር። የሟች ቤተሰብ በዚያ ሁኔታ ቀናት መጠበቅ ነበረበት። የአንድ ሰው ውሳኔ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ የቀረበትን ቦታ እዚያ ላይ አላየንም።

ሦስተኛው ወገን በ2022 በሞን ብላን የሆነውን ይጠቅሳል። በዚያ ጁላይ የፈረንሳይ የተራራ መሪዎች በጉቴ በኩል ሰው መውሰድ አቆሙ። በማተርሆርንም እንዲሁ ሆነ። መሪዎቹ የቀረባቸው የዓመት እንጀራቸው እንደነበር አትርሱ። አንዳንድ ወጪዎች ግን ያለ መሪ መውጣታቸውን ቀጠሉ። በዚህ የተናደዱት የሳን ዤርቬ ከንቲባ ዣን ማርክ ፔዬክስ፣ መውጣት የሚፈልግ ሰው 15,000 ዩሮ እንዲያስይዝ ሐሳብ አቀረቡ፤ 10,000ው ለነፍስ አድን ሥራ፣ 5,000ው ለቀብር። ሐሳቡ ብዙ ውዝግብ አስነሳ።

እኛ የከንቲባውን ቁጣ እንረዳለን፤ መፍትሔውን ግን አንደግፍም። በገንዘብ መያዣ አደጋውን የሚከለክለው ድሃውን ብቻ ነው። ሀብታሙ 15,000 ዩሮ አስይዞ ይወጣል፤ ድንጋዩ ደግሞ የባንክ ደብተር አይጠይቅም። በዚያ ላይ ገንዘብ የከፈለ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ይበልጥ መመለስ ይከብደዋል። የምንደግፈው የመሪዎቹን መንገድ ነው፦ ሁኔታውን አይቶ ማቆም፣ ምክንያቱን በይፋ መናገር፣ ለሁሉም እኩል ማድረግ። ከንቲባው በኦገስት መጀመሪያ በመንገዱ ላይ ያሉትን ማደሪያ ጎጆዎች እንዲዘጉ ማድረጋቸው ከገንዘቡ ሐሳብ የተሻለ እርምጃ ነበር እንላለን። ማደሪያ ከሌለ የሚያመነታው ሰው ከታች ይቀራል።

«ቀደር ነው፤ አጀሉ የደረሰ አልጋው ላይም ይሞታል» ያለንም አለ። «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» የሚለውን ተረትም ጨመረልን። ይህን አንክድም፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን በልጅነታችን መድረሳ ተቀምጠን የተማርነው ተወኩል ሰበብ ማድረስን የሚያስቀር አልነበረም። ኡስታዞቻችን ሰበቡን አድርሱ፣ ከዚያ ልባችሁን በአላህ ላይ አሳርፉ ነው ያሉን። ታይቶ የታወቀን አደጋ «አላህ ያውቃል» ብሎ መዳፈር ተወኩል ሊባል አይችልም። ነፍስ አማና ናት፤ አማናን ደግሞ በማያውቁት ድልድይ ላይ አያሳልፉም።

አሁን «እኛን ምን አገባን?» ለሚለው። በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ። ሦስቱም ለእኛ ጎረቤት ናቸው፤ ሦስቱም በፍጥነት እየመነመኑ ነው። በኬንያ ተራራ በ1970ዎቹ የታወቀ የበረዶ መውጫ የነበረው ዳይመንድ ኩሉዋር ዛሬ የቀድሞ መልኩ የለም። በጃንዋሪ 2006 በኪሊማንጃሮ ምዕራባዊ መውጫ ላይ የወረደ ናዳ ሦስት አሜሪካውያንን ገድሏል። የእኛም ባሌ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ተሸክሞ እንደነበር የሳነቴ አምባ ድንጋዮች ይመሰክራሉ። ነገ ከእኛ መካከል ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄድ፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ታንዛኒያ የሚሻገር አይጠፋም። «ና፣ ቀላል መንገድ ነው» ሲባል ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ከወዲሁ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከዚያም በላይ ግን ጉዳዩ የሥራችን ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቻችን የሠራተኛ ሕይወት የሚያዝባቸው ቦታዎች ላይ ቆመን «ቀጥሉ» ወይም «አቁሙ» የምንል ሰዎች እንሆናለን ኢንሻአላህ። በክረምት ዝናብ የራሰ ጥልቅ ቁፋሮ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሲገባ አስቡት። ትናንት አልተናደም። ሰማዩም ዛሬ ጥርት ብሏል። ቀጠሮው አልፏል፤ አሠሪው ይጮኻል፤ ሠራተኛውም የዕለት ጉርሱን ስለሚፈልግ «ግድ የለም፣ እገባለሁ» ይላል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አይታይም። ይህና ማርሞላዳ በሕጉ አንድ ናቸው። «ትናንት አልተናደም» የሚለው ቃል መረጃ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወደ በረዶ ለሚሄድ ወንድም ወይም እህት የምንለው ይህ ነው። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ጠይቁ፦ ዜሮ ዲግሪ የት ከፍታ ላይ ነው? ሌሊቱ ደመናማ ነው ወይስ ጥርት ያለ? ሙቀቱ ስንት ቀን ሰነበተ? ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለ በረዶ ወይም ልቅ ድንጋይ አለ? የአካባቢው መሪዎች ዛሬ ሰው እየወሰዱ ነው ወይስ አቁመዋል? የመመለሻችሁንም ሰዓት በቁጥር ወስኑ፤ ጫፉ ቢታያችሁም ባይታያችሁም በዚያ ሰዓት ተመለሱ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከጎጆው ስትወጡ በረዶው ከጫማችሁ ስር ከሰመጠ፣ መልሱን አግኝታችኋል፤ ግቡና ተኙ። ትኬት መቁረጣችሁ፣ ከሩቅ መምጣታችሁ፣ ፎቶ ለመላክ ቃል መግባታችሁ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የላቸውም። የሌላ ሰው ዱካ በፊታችሁ መኖሩም እንደዚሁ፤ ዱካው ሰውየው መሄዱን እንጂ መመለሱን አይናገርም።

ከመንገድ የተመለሰን ሰው ደግሞ አናሹፍበት። በግቢያችን «ፈራ» የሚል ቃል ቶሎ ይወጣል። አውቆ የተመለሰ ሰው ያየውን አስተውሎ ወስኗል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከመውጣት የሚከብድ ሥራ ነው። በ2022 ጁላይ የዓመት ገቢያቸውን ትተው ከታች የቆዩትን መሪዎች ፈሪ የሚላቸው ካለ፣ እኛ ግን እንዲህ ዓይነት መሐንዲሶች ብንሆን ደስ ይለናል።

በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናስተናግደዋለን ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።